«ቀልብ ግዛ!» ከማለታችን በፊት

  

አማርኛ ከዐረብኛ የወሰዳቸው ቃላት ጥቂት አይደሉም። ከእነሱ ውስጥ እኔ በጣም የምወደው «ቀልብ» የሚለውን ነው። በዐረብኛ ቀልብ ማለት ልብ ነው። የቃሉ ሥር መገለባበጥን ያመለክታል፤ ልብም ይህን ስም ያገኘው በአንድ ሁኔታ ስለማይረጋ ነው ይላሉ ዑለማዎች። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ልቦችን የሚገለባብጠው ጌታ ልባቸውን በዲኑ ላይ እንዲያጸናላቸው አዘውትረው ዱዓ ያደርጉ ነበር። አማርኛችን ደግሞ ቃሉን ወስዶ የራሱን ሥራ ሰጠው። «ቀልቤን ሰረቀው» እንላለን። አጠገባችን ተቀምጦ ሐሳቡ የሸፈተውን «ቀልቡ እዚህ የለም» እንለዋለን። ልጅ ሲቅበጠበጥብን ደግሞ «ቀልብ ግዛ!» ብለን እንቆጣዋለን።

ከዐስር ሶላት በኋላ ቁርኣን ከማስቀራቸው ትንንሽ ልጆች አንዱ፣ ዕድሜው ስድስት ቢሆን ነው፣ አንድ ቀን ይህን ቁጣ ከአንድ ትልቅ ደረሳ ሰማ። ቀና ብሎ «ከየት ነው የሚገዛው?» አለ። ደረሶቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ልጁ ግን አልቀለደም። ሱቅ ተልኮ ዳቦ የሚገዛ ልጅ ነው፤ ግዛ ሲሉት ዋጋውንና ቦታውን መጠየቁ ተገቢ ነው። እኛ ትልልቆቹ ትእዛዙን እንጂ ሱቁን አሳይተነው አናውቅም። በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት ይህንኑ ነው፤ ትንሽ ልጅ ቀልቡን መሰብሰብ የሚማረው ከየት ነው? ረመዳንስ ለዚህ ምን ይጠቅመናል?

አምና አሜሪካ የምትኖር አንዲት የሰፈራችን ልጅ ደውላልኝ ነበር። «ሸኽዬ፣ የልጄ ትምህርት ቤት ሕፃናቱን ዓይናቸውን አስጨፍኖ ትንፋሻቸውን እንዲያዳምጡ ያደርጋል። ማይንድፉልነስ ይሉታል። ሐራም ነው ወይ? ላስወጣው?» አለችኝ። ለእሷ የመለስኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ እዚህም በአንዳንድ የግል ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ይህንኑ ይጠይቁኛልና።

ነገሩ በጤና ተቋም የጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት ዚን የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በሕመምና በጭንቀት ለሚሰቃዩ ሰዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ነበር። እሱ ራሱ ከቡድሃ እምነት ተከታዮች የተማረውን ተመስጦ ነው ሃይማኖታዊ ቃላቱን አውጥቶ ያስተማረው። በኋላ ትምህርቱ ሰፍቶ ወደ ሕፃናት ወረደ። ዝም ብሎ መቀመጥና ትንፋሽን ማዳመጥ በራሱ ዒባዳ አይደለም፤ ልጅን የሚያረጋጋ ከሆነ ነውር የለበትም። የሌላ እምነት የአምልኮ ቃል ወይም ምልክት ከገባበት ግን መምህሯን በአክብሮት ማነጋገር ይቻላል። «ልጁን ከማስወጣትሽ በፊት ግን እንዲህ ያለው ነገር እናንተ ቤት አለ ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። ትንሽ ዝም አለች።

ይህን የጠየቅሁት በምክንያት ነው። በብሪታንያ ከ80 በላይ ትምህርት ቤቶችና ከ8,000 በላይ ተማሪዎች የተካፈሉበት ትልቅ ጥናት ውጤቱ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ወጥቶ ነበር። ተማሪዎቹ ትንንሽ ሕፃናት አይደሉም፤ ወደ ጉርምስና የገቡ ናቸው። ትምህርቱን በክፍል ውስጥ ከመምህራኖቻቸው ያገኙት ልጆች፣ ካላገኙት የተሻለ የአእምሮ ጤና አላሳዩም። አብዛኞቹ ቤት ሲገቡ አይለማመዱትም ነበር። እኔ በዚህ አልተደነቅሁም። የቁርኣን አስተማሪ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቤት ውስጥ የማይታይ ነገር ልጅ ጋ አይከርምም።

በእኛ ዘንድ ይህ ነገር ስሙ ብዙ ነው። በሶላት ውስጥ ሲሆን ኹሹዕ እንለዋለን፤ አላህ እንደሚያይ እያወቁ መኖርን ሙራቀባ እንለዋለን። ጂብሪል (ዐ.ሰ) በሰው መልክ መጥቶ ነቢዩን ስለ ኢሕሳን በጠየቃቸው ጊዜ የሰጡትን መልስ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አላህን እንደሚያዩት ሆኖ መገዛት፣ ባያዩትም እሱ እንደሚያይ ማወቅ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። እነሱ ልጁን የሚያስተምሩት እንዲረጋጋ ነው። እኛ የምንፈልገው ግን በጌታው ፊት እንዲገኝ ነው፤ መረጋጋቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ታዲያ ይህ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ እንዴት ይነገራል? ኢማሙል ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉሚዲን» በተባለው ታላቅ ኪታባቸው ስለ ልጅ አስተዳደግ በጻፉበት ክፍል አንድ ታሪክ አስቀምጠዋል። የሰህል ኢብን ዐብደላህ አት-ቱስተሪ ታሪክ ነው። ሰህል ዛሬ ኢራን ውስጥ ባለችው ቱስተር የተወለዱ፣ በ283 ዓመተ ሒጅራ ገደማ ያረፉ ታላቅ ዓሊም ናቸው። የሦስት ዓመት ልጅ ሳሉ ሌሊት እየነቁ አጎታቸው ሙሐመድ ኢብን ሰዋር ሲሰግዱ ይመለከቱ ነበር። አጎትየው አንድ ቀን «የፈጠረህን አላህን አታስታውስም?» አሏቸው። ልጁ እንዴት ብሎ ጠየቀ። አጎቱም መኝታህ ውስጥ ስትገላበጥ፣ ምላስህን ሳታንቀሳቅስ፣ አላህ አብሮህ እንዳለና እንደሚያይህ በልብህ ሦስት ጊዜ በል አሉት። ጥቂት ሌሊት እንዲህ ካለ በኋላ ነገራቸው፤ ሰባት ጊዜ አድርገው አሉት። እሱንም አደረገ፤ አሥራ አንድ አደረሱት። ሰህል ሲያድጉ የዚያን ጣፋጭነት በልባቸው እንዳገኙት ተናግረዋል።

ይህን ታሪክ ለወላጆች ስነግር ብዙዎቹ አሥራ አንዱን ይይዛሉ። «ስንት ጊዜ ላስብለው?» ይሉኛል። እኔ ግን ከቁጥሩ በፊት ያለውን ነው እንዲያዩልኝ የምፈልገው። አጎትየው ልጁን አልቀሰቀሱትም፤ እሱ ራሱ ነው ነቅቶ ያያቸው። የሚያየው ሰው ባይኖር ኖሮ የሚጠይቀውም ነገር አይኖርም ነበር። ከዚያ ሦስት ብቻ ሰጡት፤ ያውም በሞቀ መኝታው ውስጥ እንዳለ። ውዱእ አድርግ፣ ተነስ፣ ቁም አላሉትም። ሦስቱ ሳይለመድ ሰባቱ አልመጣም። ደግሞ ልብ በሉ፣ «አላህ ያይሃል» የሚለው ለዚያ ልጅ የተነገረው ሲያጠፋ ተይዞ አይደለም። ተኝቶ ሳለ፣ በጨለማ፣ ልጅ በሚፈራበት ሰዓት ነው። አብሮህ ያለ አለ ነው የተባለው።

በየቤታችን ግን ይህ ቃል በምን ሰዓት እንደሚወጣ እናውቃለን። ልጁ ስኳር ሲሰርቅ «አላህ ያይሃል!»፣ እህቱን ሲመታ «አላህ ያቃጥልሃል!»። ልጁ አላህን መጀመሪያ የሚያውቀው እንደ ዘበኛ ይሆናል። ከዘበኛ ደግሞ ሰው ይደበቃል እንጂ ቀልቡን አይሰጥም። ፍርሃት በጊዜው ቦታ አለው፤ አዋቂን ከወንጀል ይመልሳል። የአራት ዓመት ልጅ ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ወዳጅነቱ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ቃሉን ሰዓቱን ለውጡለት። ልጁ ለእንግዳ ተምር ሲያቀርብ፣ ለጎረቤት ሾርባ ሲያደርስ፣ ያኔ «አላህ አየህ እኮ» በሉት። ፊቱን ተመልከቱ።

ወደ ጾሙ ልምጣ። ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ጾም ግዴታው አይደለም። ሰሓባዎች ግን ልጆቻቸውን ያለማምዱ ነበር። ሩበይዕ ቢንት ሙዐወዝ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፈችው የዐሹራን ጾም ልጆቻቸውን ያስጾሙ ነበር፤ ልጁ ለምግብ ሲያለቅስባቸው ከሱፍ የተሠራ መጫወቻ እየሰጡ እስከ ማፍጠሪያ ሰዓት ያቆዩት ነበር። ይህ ሐዲስ ቡኻሪና ሙስሊም ውስጥ አለ። እኔን የሚገርመኝ የእናቶቹ ብልኃት ነው። የተራበን ሕፃን «ሰብር አድርግ፣ ረሃብህን አስተንትን» አላሉትም። እጁን ሥራ ሰጡት። ኢማሙል ገዛሊም እዚያው ክፍል ውስጥ ልጅን ከጨዋታ መከልከልና ዘወትር በትምህርት ማስጨነቅ ቀልቡን ይገድለዋል፣ አእምሮውንም ያደነዝዘዋል የሚል ቃል አላቸው። ስለዚህ መጫወት የቀልብ ጠላት አይመስለን።

ይህን በአንድ ደርስ ላይ ስናገር አንድ ወጣት አባት እጁን አወጣ። «ሸኽ፣ እንግዲያው ስልኩ የኛ ዘመን የሱፍ መጫወቻ ነዋ!» አለኝ። ጎበዝ ነው፤ ጥያቄው ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። መልሴ እንዲህ ነበር፦ የሱፉ መጫወቻ በመግሪብ አዛን ከልጁ እጅ ይወድቃል። ስልኩን ግን በአዛን ሰዓት ከልጅህ እጅ ለመውሰድ ሞክር። ያኛው መጫወቻ ልጁ ካላንቀሳቀሰው አይንቀሳቀስም፤ ይኼኛው ልጁ ባይፈልገውም ቀጣዩን ያመጣለታል። አንዱ ላይ ልጁ ቀልቡን ያሠራል፤ ሌላው ላይ ያከራያል። ስልክ ጨርሶ ሐራም ነው ያልኩ አይምሰላችሁ፤ ቁርኣን የሚቀራበት፣ አያቱን በውጭ አገር የሚያይበት ነው። ከዐስር እስከ መግሪብ ባለው ሰዓት ግን ከሁላችንም እጅ ይውጣ ባይ ነኝ። ከሁላችንም! አባት በቴሌግራም እያነበበ፣ ልጁ የሚያወራውን «እሺ፣ እሺ» እያለ፣ ልጁን ቀልብ ግዛ ማለት አይችልም።

«ከየት ነው የሚገዛው?» ላለው ልጅ መልሱ ያለው እዚህ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ሰው ሲዞሩ በአንገታቸው ብቻ ሳይሆን በሙሉ አካላቸው ነበር የሚዞሩት። የአነስ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር ትንሽ ወፍ ነበረችው፤ ስትሞትበት አዘነ። የሙስሊሞች መሪ፣ ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ፣ ሕፃኑን ስለ ወፉ ጠየቁት፤ በስሙ ከወፉ ጋር በሚገጥም ቃል አጫወቱት። ዑመር ኢብን አቢ ሰለማ የተባለው ልጅ ደግሞ አብሯቸው ሲበላ እጁ ገበታው ላይ ይዞር ነበር። ቢስሚላህ እንዲል፣ በቀኙ እንዲበላ፣ ከፊቱ እንዲበላ ነገሩት። ሦስት አጭር ነገር ነው፤ አብረው እየበሉ ነው የነገሩት። ሰውየው ካደገ በኋላ አበላሉ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደዚያው እንደቀረ ተናግሯል። ዛሬ ልጅ አንድ ምሳ እስኪጨርስ ስንት ትእዛዝ እንደምናወርድበት አንድ ቀን ቁጠሩና እዩ።

ያ የማይንድፉልነስ ትምህርት ለልጆችም ለአዋቂዎችም የሚያሠራው አንድ ልምምድ አለ። አንዲት ዘቢብ ይሰጣቸዋል። ያዩዋታል፣ ይዳስሷታል፣ ያሸቷታል፣ ከዚያ ቀስ ብለው ያኝኳታል። ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ እኛ ዘንድ 29 ወይም 30 ምሽት ሙሉ ተምር በየልጁ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ከአዛኑ በፊት ያለችውን አምስት ደቂቃ ለእሷ ስጧት። ሳምቡሳው ቀድሞ ይጠበስ፤ ወጥ ቤት ያላችሁ እናቶችና እህቶችም መጥታችሁ ተቀመጡ። (ወንዶች፣ ይህ እንዲሆን እናንተ ቀደም ብላችሁ ሰፍራውን ማንጠፍና ውኃውን መቅዳት አለባችሁ፤ ሴቶቹ ምድጃ ላይ እያሉ አዛን የሚደርስበት ቤት ውስጥ ስለ ተረጋጋ ቀልብ ማውራት አይሆንም።) እስከ ዙህር ብቻ የጾመውም ልጅ ተምሩን ይያዝ። ቅርፊቷ እንደተጨማደደ ይይ። ውስጧ ፍሬ እንዳለ፣ ፍሬዋ ላይ ስንጥቅ እንዳለ ካሁን በፊት አይቶ እንደሆነ ጠይቁት። ማን አበቀላት? ከየት አገር መጣች? አሁን ምን ትፈልጋለህ ለአላህ ንገረው፤ ጮክ ብለህ ካልፈለግህ በልብህ። አዛን ሲል ቢስሚላህ ብሎ ይበላል። ከዚህ የረዘመ ስብከት አያስፈልግም፤ የተራበ ሰው ስብከት አይሰማም።

ውዱእም እንደዚሁ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውኃ፣ ሁለት እጅ ተጋጥሞ በሚይዘው ያህል፣ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተላልፏል። ለልጁ ያንን ያህል ውኃ በጆግ ስጡትና «ይበቃሃል ወይ?» በሉት። ቧንቧ ከፍቶ የሚንቦጫረቀው ልጅ ያኔ እያንዳንዷን ጠብታ ሲከተል ታያላችሁ። ቀልብ መግዛት ማለት ይኸው ነው፤ ማንም አልተቆጣውም።

መስጊድ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ በዚህ ወር ብዙ ልጅ የምናጣው እዚያ ነውና። ተራዊህ ላይ ሕፃናት ይሮጣሉ፣ ይስቃሉ። ሶላቱ ሲያልቅ ከሰፉ መሐል አንድ ትልቅ ሰው ይነሳና ሁሉም እየሰማ ይጮህባቸዋል፤ ክንዱን ይዞ የሚያስወጣም አለ። ኹሹዓችን ተበላሸ ይባላል። እኔ ኢማም ነኝ፤ ጫጫታው መጀመሪያ የሚደርሰው ለእኔ ነው፤ ቁርኣን እየቀራሁ እንደሚከብድም አውቃለሁ። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የልጅ ልጃቸውን ኡማማን ተሸክመው እንደሰገዱ፣ ሱጁድ ሲወርዱ አስቀምጠው ሲነሱ እንዳነሷት የታወቀ ነው። ሌላ ጊዜ የልጅ ልጃቸው ጀርባቸው ላይ ስለወጣ ሱጁዱን አስረዘሙት፤ ሰዎቹ አንድ ነገር የተፈጠረ መስሏቸው ነበር። ልጁን ማቻኮል ስላልፈለጉ ነበር። የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ ደግሞ ለእናቱ አዝነው ሶላቱን ያሳጥሩ ነበር። በልጅ ድምፅ የሚሰበር ኹሹዕ ያለን እኛ፣ ከሳቸው የበለጠ ኹሹዕ ኖሮን ነው?

ወላጅም ድርሻ አለው። የአምስት ዓመት ልጅ ሙሉ ተራዊህ አይችልም። ሁለት ረከዓ አጠገባችሁ ይቁም፤ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ሥራ ስጡት፦ «ዛሬ ኢማሙ ፋቲሓ ሲጨርሱ ኣሚን የምንለውን ጠብቅልኝ» በሉት። ያን ጠብቆ ኣሚን ካለ ቀልቡ ሶላቱ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ኋላ ሄዶ ይቀመጥ፣ ይተኛም። መስጊድ ምንጣፍ ላይ ተኝቶ አባቱ ተሸክሞት ወደ ቤት የተመለሰ ልጅ ያን ሌሊት በደስታ ነው የሚያስታውሰው። ክንዱን ተይዞ የወጣውም ያስታውሳል፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላውና አባቱ «ለምን መስጊድ አትመጣም?» ሲለው።

ሶላት እዘዙ የተባልነው ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ነው። ጠበቅ ያለው ነገር የተጠቀሰው በአሥር ዓመት ነው። በመሐሉ ሦስት ዓመት አለ። የሒጅራ ዓመት 354 ቀን ነው ብንል፣ በቀን አምስት ሶላት፣ ከ5,000 በላይ ጊዜ በመልካም ቃል «ና እንስገድ» የምንልበት ጊዜ ተሰጥቶናል። ይህን ሒሳብ የሠራሁት ቸኩለው ለሚመጡ አባቶች ነው፤ «ኡስታዝ፣ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሶላት ላይ ይዞራል» ለሚሉኝ። ይዙር። ገና አንዱም አልተቆጠረበትም።

የድሮው ቁርኣን ቤት ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ አለንጋው አንዱ ነው፤ ኢብን ኸልዱን እንኳ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ኃይለኝነት ተማሪን ውሸታምና ሰነፍ ያደርገዋል ብለው ጽፈዋል። ነገር ግን ለውሑን አስቡት። ጥቂት አንቀጽ በጥላሸት ቀለም እንጨቱ ላይ ይጻፋል። ልጁ ያን ብቻ ይቀራል፤ ሌላ የሚገለጥ ገጽ የለም። አስተማሪው ካላዳመጠውና ካላለፈለት አይታጠብም፤ ካልታጠበ አዲስ አይጻፍም። አሁን በስልክ ሁሉም ሱራ፣ ሁሉም ቃሪእ አለ፤ ልጁ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል። ለውሕ ባይኖራችሁ ትንሽ ወረቀት ይበቃል። ለአንድ ሳምንት አንድ አጭር ሱራ፣ ለምሳሌ ኢኽላስ፣ ከአማርኛ ትርጉሙ ጋር ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ልጁ ራሱ «አሁን አወቅሁት» ሲል ይነሳ።

ነገ ለመጀመር ለምትፈልጉ፣ ከሁሉም የሚቀለው አዛኑ ነው። ብዙዎቻችን የምንሰማው አዛን 15 ሐረግ አለው። ልጁ በጣቶቹ እየቆጠረ ከሙአዚኑ በኋላ ይድገም፤ አሥር ጣት አልቆበት እንደገና ሲጀምር ሳቅ አለው፣ አትቆጡት። ጥቂት ቀን መግሪብን ከቆጠረ በኋላ ሱሁር ላይ የነቃ ዕለት የፈጅሩን ይቁጠር። 17 ይመጣበታል። ተሳሳትኩ ብሎ እንደገና ሊቆጥር ይሞክራል፣ ከዚያ ሮጦ መጥቶ ሁለቱ ከየት እንደመጡ ይጠይቃችኋል። ሶላት ከእንቅልፍ እንደሚበልጥ የሚናገረው ሐረግ ሁለቴ ስለሚባል እንደሆነ ትነግሩታላችሁ። ይህን ስትነግሩት ግን ብርድ ልብስ ውስጥ አትሁኑ፤ የሚቀጥለውን ጥያቄ እሱ ራሱ ያመጣዋል።